«ስቀመጥ ምንም አይመጣልኝም» ላልከኝ ወንድሜ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። 24 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ነው የምሠራው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ግጥም እሞካክራለሁ። ግን የሚመጣልኝ ሲከፋኝ ብቻ ነው። ሆን ብዬ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ምንም አይመጣልኝም። ቀኑን ሙሉ ባንክ ስለምውል የሚጻፍ ነገርም የለኝም። ከፍቅረኛዬ ጋር ከተለያየን ሦስት ወር ሆነን፣ ጃንጥላዋ እንኳን እስካሁን እኔ ቤት ነው። ስለሷ የጻፍኩት እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

ልቤ ተሰበረ በፍቅርሽ ምክንያት፣
እንባዬ ይፈሳል በቀንም በሌሊት።

ጓደኞቼ አሪፍ ነው ይሉኛል። እኔ ግን የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። ምንድን ነው የጎደለው? መንፈሱ እንዲመጣልኝስ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ያቆመኝ ግጥምህ አይደለም። «ጃንጥላዋ እንኳን እስካሁን እኔ ቤት ነው» ያልከው ነው። እንደ ዋዛ ጣል አድርገሃት ነው ያለፍከው። እኔ ግን እሷን ሳነብ ሆዴ ባባ። ግጥምህን ሳነብ ግን ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምልህ ላስከፋህ ብዬ አይደለም፣ ምን ጎደለው ብለህ ስለጠየቅከኝ ነው። ግጥምህ የጎደለው ጃንጥላው ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገርህ። ጆሮ አለህ። ስንኞችህን በጣቴ ቆጠርኳቸው። ልቤ ተሰበረ ስድስት ቀለም ነው፣ ቀለም የምልህ ቃሉ ሲነገር በአንድ ድምፅ የሚወጣውን ቁራጭ ነው። በፍቅርሽ ምክንያት ስድስት። ሁለተኛውም እንደዚሁ ስድስትና ስድስት ነው። ይህ የወል ቤት የሚባለው ነው፣ እናቶቻችን ሲያንጎራጉሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ልክ። ማንም ሳያስተምርህ በጆሮህ ይዘኸዋል። ይህን ለማግኘት ዓመት የሚፈጅባቸው ተማሪዎች አሉኝ። ስለዚህ ችግርህ ችሎታ አይደለም።

ችግሩ እነዚያን ሁለት ስንኞች አገር ምድሩ ሊጽፋቸው መቻሉ ነው። ልብ ተሰበረ፣ እንባ ፈሰሰ፣ ቀን ሆነ ሌሊት ሆነ። ማን ናት ልጅቷ? የት ነበራችሁ? ምን ትታልህ ሄደች? አንተ ታውቃለህ፣ ግጥሙ ግን አያውቅም። ስሜቱን ከነስሙ ጠርተህ ስለሰጠኸኝ እኔ የምሠራው ሥራ አልቀረልኝም። «አዘንኩ» ስትለኝ አምንሃለሁ እንጂ አላዝንም። ጃንጥላውን ስታሳየኝ ግን ሳትነግረኝ አዝናለሁ።

አሁን ወደ መንፈሱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። መጣልኝ፣ አልመጣልኝም፣ ጠፋብኝ። ግጥም ከሰማይ የሚወርድ እንግዳ ይመስለናል፣ እኛ ደግሞ በር ላይ ቆመን የምንጠብቅ። አጎቴ ልጅ ሆኖ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበርና እሱ የነገረኝን ልንገርህ። እዚያ ተማሪው ጠዋት ከመምህሩ መንገዱን ይሰማና ደበሎውን ለብሶ ወደ ጫካ ወይም ወደ አንድ ዛፍ ሥር ይሄዳል። ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ቃሉን ልብ በልልኝ፣ ይቆጥራል ነው የሚባለው። ማታ ተመልሶ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርምለታል፣ በማግስቱ ሌላ። ጀማሪው በጉባኤ ቃና ነው የሚነሳው፣ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ናት። እንዲያ እንዲያ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ድረስ ይወጣል። ያውም ቅኔ አይደገምም፣ ትናንት ያልከውን ዛሬ ይዘህ አትመጣም። አጎቴ እንዲህ ብሎኛል፦ «የኔታ አንድም ቀን መጣልህ ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ቆጠርክ ወይ ነው የሚሉኝ።»

እኔ ይህችን ንግግር ከሰማሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። መንፈሱ የለም እያልኩህ አይደለም። አለ። ግን የሚመጣው ቆጠራው ውስጥ እያለህ ነው። ይህን በወሬ ብቻ ብነግርህ አታምነኝምና ወረድ ብዬ በጃንጥላህ አሳይሃለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንዲት ሴት አለች። ባደግኩበት ሰፈር አልቃሽ ነበረች፣ ሙሾ አውራጅ። ሰው ሲሞት ይጠሯታል። ልጅ ሆኜ የሚገርመኝ ለቅሶው ቤት እንደደረሰች ወዲያው አለመጀመሯ ነው። ከአጥር ውጭ ትቆማለች። አንዱን ዘመድ ጠጋ ትልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀዋለች። ሙያው ምን ነበር? ልጆቹ ስንት ናቸው? ምን ይወድ ነበር? መጨረሻ ላይ ምን አለ? ይህን ሁሉ ሰምታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ትገባለች። አንድ ጊዜ የሞተው አናጢ ነበር። የሰፈራችን ግማሽ ቤት እሱ ያቆመው ነው። ገባችና እንዲህ አለች፦

የሁሉን ቤት ሠርቶ ሲማግር የኖረ፣
ሌላ በሠራለት ቤት ገብቶ አደረ።

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ተናጋ። እስከዚያ ያላለቀሱ ወንዶች ፊታቸውን በጋቢያቸው ሲሸፍኑ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ስንኞቹን እያቸው። እንባ የሚል ቃል የለባቸውም። ሐዘን የለም፣ ልብ የለም፣ ሞት የሚል እንኳን የለም። ማገር አለ፣ ቤት አለ። ሴትየዋ ይህን ያገኘችው ከአጥር ውጭ ቆማ «ሙያው ምን ነበር» ብላ በመጠየቋ ነው። ሰውየው አናጢ መሆኑን ባትሰማ ኖሮ እሷም እንደማንኛችንም ወይኔ ወይኔ ነበር የምትለው።

አንተም እንደዚያ አድርግ። ከመጻፍህ በፊት ከአጥሩ ውጭ ቁምና ራስህን ጠይቅ። ከሷ ምን ቀረህ? ጃንጥላ። የት ነው ያለው? ክፍት ነው ወይስ ታጥፏል? እርጥብ ሆኖ ነው የተወችው? አሁን ሰኔ ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ጃንጥላውን ልትፈልገው ነው ማለት ነው፣ ወይም ሌላ ትገዛለች። ይኸው፣ አንድም ስንኝ ሳንጽፍ ነገሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

አሁን እንቁጠር። ባንተው ልክ፣ በስድስት በስድስት። መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነው፦

ጃንጥላሽ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል

ቀለሙ ልክ ነው፣ ስድስትና ስድስት። ግን ጮክ ብለህ አንብበው። የወል ቤት ስድስተኛው ላይ ትንፋሽ ያስወስድሃል። እዚህ ትንፋሹ የሚወድቀው «ከበሩ» እና «ኋላ» መካከል ነው። ከበሩ... ኋላ። አንድ ላይ የሚኖሩ ሁለት ቃላት ለሁለት ተከፈሉ፣ ለምንም ጥቅም። ስለዚህ ጣልኩት። በነገራችን ላይ አልቃሿም «በሠራለት» ብላ ነው ትንፋሽ የወሰደችው፣ «ቤት» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሷ ግን ሌላ ነው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሁሉም ሰው የቱ ቤት እንደሆነ ገባው። መቁረጥ ሥራ ሲሠራ ይቆረጣል፣ ካልሠራ አይቆረጥም። ሁለተኛው ሙከራ፦

ጃንጥላሽ እቤቴ ደርቆ ተንጠልጥሏል፣
ክረምቱ ሲገባ ማንን ይጠብቃል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆነ። «ደርቆ» የመጣው ሁለት ቀለም ጎድሎኝ ስለነበር ነው፣ ቦታ ለመሙላት። ከመጣ በኋላ ግን ስታየው ጃንጥላ ደርቆ ማለት ብዙ ቀን ማንም አልያዘውም ማለት ነው። «ይጠብቃል» ደግሞ ተንጠልጥሏል ከሚለው ጋር ቤት የሚመታ ስፈልግ የመጣ ነው። መጠበቅ በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። ጃንጥላ ሰውን ከዝናብ ይጠብቃል፣ ሰሙ ይህ ነው። የቀረ ሰው ደግሞ የሄደውን ይጠብቃል፣ ወርቁ ይህ ነው። ህብረ ቃሉን፣ ሰምና ወርቁን አንድ ላይ የተሸከመውን ቃል፣ ፈልጌ አላመጣሁትም፣ ቤት ስፈልግ አገኘሁት። ቆጠራው ውስጥ ነው የሚመጣው ያልኩህ ይህንን ነው።

ደግሞ ልኩን ብንቀይረውስ? ሰንጎ መገን የሚባለው አምስት በአምስት ነው፣ አጠር ያለ፣ ቆፍጠን የሚል። ያንኑ ጃንጥላ እዚያ ውስጥ ለማስገባት ሞከርኩ፦

ጃንጥላሽ ቀርቶ ደጁ ይዘንባል፣
እኔ ቤት ደርቄ አንቺን ይመታል።

አየህ ምን እንደሆነ? በስድስት በስድስቱ ላይ ሰውየው ስለራሱ ነበር የሚያወራው፣ ቀረሁ እያለ። ልኩ ሲያጥር ለማማረር ቦታ ጠፋ። በቀረችው ጠባብ ቦታ የገባው ስለሷ መጨነቅ ነው፣ እሱ ደርቆ እሷ እየተመታች መሆኗ። «ደርቄ» ራሱ ሁለት ነው፣ ከዝናብ መድረቅም አለ፣ ሰው ሆኖ መድረቅም አለ። ሰዓቴን አላየሁም እንጂ ይህ ሁሉ ከአንድ ስኒ ቡና በላይ አልፈጀም። መንፈስ አልጠበቅኩም፣ አምስት አምስት እያልኩ ጣቴን ነው ያጠፍኩት።

የልክ ነገር ከተነሳ አይቀር ሌሎቹንም ላንሳቸው። ቡሄ በሉ የሚባለው አራት በአራት ነው። ሕፃን ሆነህ ነሐሴ 13 ዱላ ይዘህ ደጃፍ ለደጃፍ ስትዞር ስትለው የነበረው፦ ቡሄ መጣ፣ ያ መላጣ። አራት፣ አራት። የጸጋዬ ቤት ደግሞ ስምንት በስምንት ነው፣ በጸጋዬ ገብረመድኅን ስም የሚጠራው እሱ ስላዘወተረው ነው። ረጅም ነው፣ ትንፋሽ ይጠይቃል፣ አሁን ተወው። አንድ ዓመት በስድስቱና በአምስቱ ሥራ። ስትቆጥር ደግሞ ፊደል እንዳትቆጥር። «ተንጠልጥሏል» ሰባት ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን ተን፣ ጠል፣ ጥ፣ ሏል፣ አራት ቀለም ብቻ ነው። አናባቢ የማይሰማባቸው ሳድሶች፣ እዚህ «ን» እና «ል»፣ ከፊታቸው ካለው ፊደል ጋር ይጣበቃሉ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳትና ስንኙ ያነክስበታል። መድኃኒቱ ጮክ ብሎ ማለት ነው፣ ጆሮህ ካንተ ይበልጥ ያውቃል።

ስለ ቤት መምታት ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚላኩልኝን ግጥሞች የሚገድላቸው እሱ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ቤት በነፃ ይገኛል። ሄደች፣ ቀረች፣ ጠፋች፣ መጣች፣ ሁሉም በ«ች» ያልቃል። መጣልኝ፣ ሄደብኝ፣ ጠፋብኝ፣ ሁሉም በ«ኝ»። ስትጽፍ የሆነ ነገር የመታህ ይመስልሃል፣ የመታው ግን ሰዋስው ነው። እንደዚህ እያደረግክ መቶ ስንኝ መጻፍ ትችላለህ፣ አንድም ጊዜ ሳታስብ። እኔም ከላይ ያሉትን ሁለቱንም በግስ ነው የዘጋኋቸው። የመጀመሪያው የሚያስኬደው ግሱ ራሱ ሁለት ትርጉም ስለተሸከመ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ግን ቤቱ ርካሽ ነው፣ አስተካክለው ብትለኝ ትክክል ነህ።

እንግዲህ ግሱን ወደ ፊት ብናመጣውና ጃንጥላውን መጨረሻ ላይ ብናስቀምጠው? ጃንጥላሽ... ላሽ የሚል ቃል ያስፈልገኛል። ላሽ፣ ላሽ እያልኩ ትንሽ ቆየሁ። ገላሽ አልሆነም። ጥላሽ በጣም ቅርብ ነው፣ ጃንጥላ ራሱ ጥላ አለበት። ከዚያ ከለላሽ መጣ፦

ደርቆ ተንጠልጥሏል እቤቴ ጃንጥላሽ፣
ዝናቡ ሲመጣ ማን ይሆን ከለላሽ?

ይህ ሦስተኛ ሰው ነው። የመጀመሪያው የሚጠብቅ ነበር፣ ሁለተኛው የሚሳሳ ነበር፣ ይህኛው ቅናት ጀምሮታል፣ «ማን ይሆን» እያለ ነው። እኔ ቅናት ልጻፍ ብዬ አልተነሳሁም። «ላሽ» ነው እዚያ የወሰደኝ። ከሦስቱ አንተ የትኛው እንደሆንክ እኔ አላውቅም፣ ምናልባት ማንኛቸውም አይደለህም። እነዚህ የኔ ናቸው፣ እንዳትወስዳቸው። ያንተን አንተ ቁጠር።

ሌላ ደግሞ «ልብ» የሚለውን ቃል ለስድስት ወር ተወው። ከዘፈን ነው የለመድከው፣ ከብዛቱ የተነሳ አልቋል። አማርኛ ሐዘንን የሚያስቀምጥበት ቦታ በልብ ብቻ አይደለም። ሆድ አለ፣ አንጀት አለ። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴን በላው፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። እነዚህ አባባሎች የሰውነትን ሥራ ስለሚያሳዩ ዛሬም ሕያው ናቸው። እናትህ ስትናገር ጆሮህን ጣል አድርግ፣ በተለይ በስልክ ከእህቷ ጋር ስታወራ። ግጥም እየሰማህ እንደሆነ አታውቅም ነበር። አያት ካለችህ ደግሞ እባክህ ጊዜ ሳትሰጥ ሄደህ አውራት።

አሁን ያ ሌላው ቃልህ፣ «ባንክ ስለምውል የሚጻፍ ነገር የለኝም» ያልከው። ይህ እውነት ከጥያቄህ ሁሉ ያሳዘነኝ ነው። አንተ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠህ በቀን ስንት እጅ ነው የምታየው? እኔ ባለፈው ወር ተራዬን እየጠበቅኩ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ነበር። አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ከአረብ አገር የላከችውን ሊያወጡ ነው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ በጣታቸው መካከል ተጣጥፏል። መፈረም ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አሻራቸውን ሰጡ። ብሩን ሁለቴ ቆጠሩት፣ ከነጠላቸው ጥለት ላይ ቋጠሩት። ከዚያ ቀለም የነካውን ጣታቸውን ለመጥረግ የሚሆን ነገር ፈለጉ፣ አጡ፣ ነጠላቸውን እንዳይነካው ጣታቸውን ከሰው ለየት አድርገው ቀስረው ወጡ። ያ ጣት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንተ በየቀኑ ታየዋለህ፣ ከመልመድህ የተነሳ ግን አታየውም።

ሲከፋህ ብቻ የሚመጣልህም ለዚህ ይመስለኛል። ሰው ሲከፋው ዓይኑ ይከፈታል። አልጋው ላይ ተጋድሞ ኮርኒሱን ያያል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ጃንጥላ ያያል። ደህና ሲሆን በሁሉም ነገር ላይ እያለፈ ይሄዳል። ስለዚህ ግጥሙን ያመጣው ማዘንህ ሳይሆን ማየትህ ነው። ማየት ደግሞ ሳያዝኑም ይቻላል፣ በልምምድ።

ልምምዱ ይህ ነው፣ ቀላል ነው ግን ዘልቀህ ሥራው። ለሁለት ሳምንት ግጥም አትጻፍ። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ፣ ታክሲ እየጠበቅክ እያለ፣ በእረፍት ቀንህም ቤትህ ሆነህ፣ ያን ቀን ያየኸውን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ስልክህ ላይም ይሆናል፣ እኔ ግን ኪስ የምትገባ ደብተር እመርጣለሁ፣ ስልክ ላይ መልእክት ይመጣና ይወስድሃል። አንድ ክልከላ ብቻ አለ። የስሜት ቃል እንዳታስገባ። አሳዛኝ፣ ደስ የሚል፣ ናፍቆት፣ ፍቅር፣ ብቸኝነት አይፈቀድም። «እናትየው ቀለም የነካውን ጣታቸውን ቀስረው ወጡ» ይፈቀዳል። የደንበኛን ስምና ሒሳብ ደግሞ በምንም መንገድ አትጻፍ፣ እሱ የሥራህ አደራ ነው፣ ለግጥሙም አይጠቅመውም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 14 ዓረፍተ ነገር ይኖርሃል። አሥራ ሁለቱ ምንም አይሆኑም። ሁለቱ ግን አይለቁህም፣ በመንገድ ላይ ተከትለውህ ይመጣሉ። ከነሱ አንዱን አንሳና በስድስት በስድስት ቁጠረው። ሁለት ስንኝ ብቻ። እንደ ጉባኤ ቃናው።

ንባብን በተመለከተ ብዙ አልልህም፣ ማንበብ እንዳለብህ ታውቃለህ። አንድ ነገር ብቻ። የምትወደውን ግጥም በዓይንህ አትለፈው፣ በእጅህ ገልብጠው፣ ከዚያ በቃልህ ያዘው። አሥር ግጥም በቃሉ የያዘ ሰው መቶ መጽሐፍ ካነበበው ይልቅ ስንኝ ይታዘዘዋል፣ ይህን በተማሪዎቼ ደጋግሜ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ከሆንክ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አለልህ፣ ገበያ ላይ የማታገኛቸውን የቆዩ የግጥም መጻሕፍት እዚያ ቁጭ ብለህ ማንበብ ትችላለህ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስጠው። የቃል ግጥም ስብስቦችንም ፈልግ፣ የእረኛውን፣ የሠርጉን፣ የቀረርቶውን፣ የሙሾውን። ደራሲያቸው የማይታወቅ ነው፣ በብዙ አፍ ተፈትገው ነው እኛ ጋ የደረሱት። ትርፍ ቃል አታገኝባቸውም።

ቤት የማይመታ ግጥም ልጻፍ ወይ የሚሉኝም አሉ፣ አንተም ነገ ትጠይቀኝ ይሆናል። ጻፍ። ግን መጀመሪያ ልኩን ልመደው፣ የምትተወውን ነገር እወቀው።

ጓደኞችህ «አሪፍ ነው» ማለታቸው ስለሚወዱህ ነው። ለግጥምህ ግን አልጠቀመውም። አንድ ሰው ፈልግ። ብዙ አይደለም፣ አንድ። ስንኝህን ስታነብለት «እዚህ ጋ ጠፋሁብህ» የሚልህ። ቅኔ ቤት ነገራው ለዚህ ነው ያለው፣ የቆጠርከውን ሌላ ጆሮ እንዲሰማው። ሙገሳ ከፈለግክ ቴሌግራም ላይ በአምስት ደቂቃ ታገኛለህ፣ ልብ እና እሳት ይደረድሩልሃል፣ በማግስቱ ግን ግጥሙ ያው እንደነበረ ነው። የጻፍከውን ለሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ክተተው። አውጥተህ ጮክ ብለህ አንብበው፣ ምላስህ የተደናቀፈበትን አስምርበት። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች መቁረጥ ይኖርብሃል። ሰው ሲጀምር እያሟሟቀ ነው፣ ግጥሙ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ያንተም ልብና እንባ ማሟሟቂያ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፣ ከኋላቸው የሚመጣውን ግን አልላክህልኝም።

አንድ ነገር ረስቼ፣ የጃንጥላውን ቀለም አልነገርከኝም። ጥቁር ነው? አበባ አለበት? ዛሬ ማታ ስትገባ አውርደውና ክፈተው። ቤት ውስጥም ቢሆን ክፈተው። ሽቦው የተጣመመ አለ? እጀታው ላይ የሷ እጅ ያሻሸው ቦታ ይታያል? ስታንቀሳቅሰው ምን ይሸታል? ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍልኝና ላክልኝ። ቤት ባይመታም ግድ የለም።